የፊተኛው ረድፍ ጠርቶ የኋለኛው ለምን ይደበዝዛል?

አንዲት አንባቢ የላከችው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ "ፉል ፍሬም (ምስል ተቀባዩ ሴንሰር ትልቅ የሆነ) ካሜራና 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ አለኝ። ለቤተሰብ ፎቶ ስምንት ሰው በሁለት ረድፍ አሰለፍኩ። ሦስቱ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ አምስቱ ከኋላ ቆሙ። ቤት ውስጥ ስለነበርን ብርሃን እንዳያጥረኝ ብዬ ኤፍ 1.8 ላይ አነሳሁ። ስክሪኑ ላይ ብዙ አረንጓዴ ሳጥኖች በርተው ነበር። ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን የጠሩት የተቀመጡት ብቻ ናቸው፤ የቆሙት ፊታቸው ደብዝዟል። ወንድሜ በስልኩ ያነሳው ላይ ሁሉም ጥርት ብለው ወጥተዋል። ሌንሴ ተበላሽቶ ነው? አንድ የማውቀው ሰው 'ለቡድን ፎቶ ሁልጊዜ ኤፍ 16 አድርጊ' ብሎኛል። ልክ ነው? ፎከሱንስ ማን ላይ ላድርግ?"

ሌንስሽ ደህና ነው። ፊት ያሉትን አጥርቶ ማንሳቱ ራሱ ምስክር ነው። ችግሩ ከሌንሱ ብዙ ነገር መጠየቅሽ ላይ ነው። ኤፍ 1.8 ላይ ሆነሽ፣ ማለትም የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ከፍተሽ፣ በዚያ ርቀት፣ ሁለት ረድፍ ሰው እኩል እንዲያጠራልሽ ፈለግሽ። ይህን የሚያደርግ 50 ሚሊሜትር ሌንስ የለም፣ በጣም ውድ የሆነውም ቢሆን። ኤፍ 16 የሚለው ምክር ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ካሜራ በአንድ ጊዜ በትክክል የሚያጠራው አንድ ርቀት ብቻ ነው። ከካሜራው ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የቆመ ትልቅ የመስኮት መስታወት አስቢ። ፎከስ ያደረግሽበት ቦታ ያ መስታወት ነው። መስታወቱ ላይ ያለ ፊት በጣም ይጠራል። ከመስታወቱ ወደ ካሜራው የቀረበ ወይም ወደ ግድግዳው የራቀ ፊት ግን ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። "እዚህ ድረስ ጥርት፣ ከዚህ በኋላ ድብዝዝ" የሚል የተሰመረ ድንበር የለም። ዓይናችን "ጠርቷል" ብሎ የሚቀበለው ስፋት ግን አለ። ይህን የጥራት ጥልቀት እንበለው፤ ብዙ ፎቶ አንሺዎች ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ ይሉታል።

ይህን ጥልቀት የሚወስነው ሦስት ነገር ነው፦ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ማለትም አፐርቸር፣ ከሰዎቹ ያለሽ ርቀት፣ እና የሌንሱ ርዝመት። ቀዳዳው ሲሰፋ ጥልቀቱ ይጠባል። ስትጠጊም ይጠባል። ሌንሱ ሲረዝምም ይጠባል። የኤፍ ቁጥር የተገላቢጦሽ እንደሚሄድ አትርሺ። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል።

አሁን ያንቺን ፎቶ እንለካው። አምስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሲቆም ሁለት ሜትር ከምናምን ይሆናል። ያንን በ50 ሚሊሜትር ፍሬም ውስጥ ለማስገባት ከተቀመጡት ሰዎች 3.5 ሜትር ያህል ርቀሽ መቆም ነበረብሽ። በዚያ ርቀት ኤፍ 1.8 የሚሰጥሽ ጥልቀት 53 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። ከዚህ ውስጥ 25ቱ ፎከስ ካደረግሽበት ሰው ወደ አንቺ፣ ቀሪው ከሱ ወደ ኋላ ነው። ከወንበር ጀርባ የቆመ ሰው ፊት ደግሞ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠው ሰው ፊት አብዛኛውን ጊዜ 80 ሳንቲሜትር ያህል ይርቃል። ከፎከሱ በስተኋላ 28 ሳንቲሜትር ብቻ ይዘሽ 80 መሸፈን አትችዪም። የኋላዎቹ የደበዘዙት ለዚህ ነው።

ቦታሽን ሳትለቂ ቁጥሩን ብቻ ብትቀይሪስ? ፎከሱ የፊተኛው ረድፍ ላይ ሆኖ ኤፍ 2.8 ብታደርጊ ከኋላ 47 ሳንቲሜትር ያህል ታገኛለሽ። አሁንም አይበቃም። ኤፍ 4 ላይ 70 ይደርሳል። ለጥቂት ነው የሚያመልጥሽ፤ "ቆይ፣ ይሄ ነገር ጠርቷል አልጠራም?" እያልሽ የምትጨነቂበት ዓይነት ፎቶ ይወጣል። ኤፍ 5.6 ላይ ከኋላ 1 ሜትር ከ8 ሳንቲሜትር ታገኛለሽ። የኋላው ረድፍ ከነትርፉ ገባ። ኤፍ 8 ላይ ደግሞ 1 ሜትር ከ75 ይሆናል። ይህ ለሦስት ረድፍ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች እንደ ወርቅ ሚዛን አትያዣቸው። የተሰሉት ሴንሰሩ ላይ 0.03 ሚሊሜትር የሚያህል ብዥታን ዓይን እንደ ጥርት ይቆጥረዋል በሚል የቆየ ልማድ ነው። ፎቶው መጠነኛ ሆኖ ታትሞ እጅ ላይ ሲታይ ልማዱ ይሠራል። አንቺ ግን ኮምፒውተር ላይ እስከ መቶ በመቶ አጉልተሽ ነው የምታዪው። ካሜራሽ ብዙ ሜጋፒክስል ካለው ሥራው ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ ስሌቱ "ኤፍ 4 ይበቃል" ሲልሽ ኤፍ 5.6 አድርጊ። እኔ ሁልጊዜ አንድ ደረጃ እጨምራለሁ፣ ተጸጽቼም አላውቅም።

ወደ አረንጓዴዎቹ ሳጥኖች እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ብዙ ሳጥን በራ ማለት ካሜራው ሁሉንም ሰው አጠራ ማለት አይደለም። ካሜራው ፎከሱን አንድ ርቀት ላይ ካሳረፈ በኋላ "እነዚህ ነጥቦችም እዚያው ርቀት ላይ ናቸው" እያለሽ ነው። ባንቺ ፎቶ ሳጥኖቹ የበሩት የተቀመጡት ሰዎች ፊት፣ ትከሻና ጉልበት አካባቢ እንደሆነ እገምታለሁ። ፊት የሚለየው አውቶፎከስም ቢሆን የስምንት ሰው ርቀት አማካኝ አያወጣም። አንድ ፊት መርጦ እሱ ላይ ያርፋል። የሚመርጠውም ብዙ ጊዜ የቀረበውን ወይም ጎልቶ የሚታየውን ነው። ያ ሰው አንቺ የምትፈልጊው ላይሆን ይችላል። ምርጫውን ለካሜራው አትስጪ።

ሌላው የሚያታልለው የካሜራው ስክሪን ነው። ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ነገር ጥርት ያለ ይመስላል። በውስጣቸው ምስል የሚያንጸባርቅ መስታወት ባላቸው ዲኤስኤልአር ካሜራዎች ደግሞ በቪውፋይንደሩ ማለትም ዓይንሽን አስጠግተሽ በምታዪበት ቀዳዳ የምታዪው ሌንሱ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነው። ኤፍ 8 ብታደርጊም ቀዳዳው የሚጠበው ፎቶው በሚነሳባት ቅጽበት ብቻ ነው። ጥልቀቱን አስቀድሞ የሚያሳይ ትንሽ ቁልፍ ብዙ ካሜራ ላይ አለ፤ ሲጫኑት ምስሉ ስለሚጨልም ቤት ውስጥ ብዙም አይጠቅምም። የሚያዋጣው አንድ ፎቶ አንስቶ፣ አጉልቶ፣ የኋላውን ረድፍ ዓይን ማየት ነው።

የወንድምሽ ስልክ ለምን አሸነፈሽ? እንዲያውም ስልኩ ላይ "ኤፍ 1.8" ተብሎ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ቀዳዳው ግን አንድ አይደለም። የኤፍ ቁጥር ማለት የሌንሱ ርዝመት ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ያንቺ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ኤፍ 1.8 ላይ 28 ሚሊሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ አለው። የስልክ ዋና ካሜራ ሌንስ እውነተኛ ርዝመቱ 6 ሚሊሜትር አካባቢ ቢሆን ቀዳዳው ከ3 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚያ ጠባብ ቀዳዳ ሰፊ ጥልቀት ይገኛል። ፉል ፍሬም ላይ ቢተረጎም ስልኩ እንደ ኤፍ 6 ወይም 7 ነው የሚያነሳው። ማለትም ወንድምሽ ሳያውቀው አንቺ ማድረግ የነበረብሽን አደረገ። አንድ ጥንቃቄ ግን ለእሱም ንገሪው። የስልኩን ፖርትሬት ሞድ ለቡድን አይጠቀም። እዚያ ላይ የጀርባውን ብዥታ የሚሠራው ሶፍትዌር ነው። ከኋላ የቆመን ሰው ከግድግዳው ጋር አብሮ ሊያደበዝዘው፣ ጆሮና ፀጉርም ሊቆርጥ ይችላል።

አሁን ኤፍ 16። ሁለት ነገር ታጫለሽ። የመጀመሪያው ብርሃን ነው። ከኤፍ 1.8 ወደ ኤፍ 5.6 ስትሄጂ ወደ ሌንሱ የሚገባው ብርሃን አሥር እጥፍ ያህል ይቀንሳል። ይህ ራሱ ቀላል አይደለም። ወደ ኤፍ 16 ስትሄጂ ግን ወደ ሰማንያ እጥፍ ይቀንሳል። በቁጥር እንየው። ፎቶሽን በኤፍ 1.8፣ በ1/125 ሰከንድ ሸተር (ብርሃን በሚገባበት ጊዜ) እና በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ባለው ስሜት) 320 አንስተሽው ቢሆን፣ ኤፍ 5.6 ላይ አይኤስኦ 3200 ያስፈልግሻል። ኤፍ 16 ላይ 25600። 3200ን የዛሬ ካሜራዎች በደንብ ይችሉታል። 25600 ላይ የሰው ቆዳ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። አይኤስኦውን እንቢ ብለሽ ሸተሩን ብታዘገዪ ደግሞ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ፎቶው በሌላ ምክንያት ይበላሻል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ቀዳዳው በጣም ሲጠብ ብርሃን ጠርዙን ታክኮ ሲያልፍ ይበተናል። ዲፍራክሽን ይባላል። አንዲት የብርሃን ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ነጥብ ሆና አታርፍም፤ ትንሽ ክብ ትሆናለች። ኤፍ 22 ላይ የዚያች ክብ ስፋት 0.03 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህ ቅድም "ዓይን እንደ ጥርት ይቆጥረዋል" ያልነው የመጨረሻው ልክ ነው። እንግዲህ ሌንሱን እዚያ ድረስ ስታጠቢው ፎከስ ያደረግሽበት ሰው እንኳ በሙሉ ጥራቱ አይወጣም። ኤፍ 16 ላይ ጉዳቱ ያን ያህል ባይከፋም ይታያል። ስለዚህ ፉል ፍሬም ላይ ለቡድን ፎቶ ከኤፍ 11 አትለፊ። እስከ ዛሬ ካነሳኋቸው የቡድን ፎቶዎች አብዛኞቹ በኤፍ 5.6 እና በኤፍ 8 መካከል ናቸው።

የምመክርሽ እንግዲህ ይህን ነው። አንድ ረድፍ ብቻ ከሆነ፣ ሁሉም እኩል ከቆሙ፣ ኤፍ 4። ሁለት ረድፍ ከሆነ ኤፍ 5.6፣ ፎከሱ ፊት ረድፍ ላይ መሃል አካባቢ ካለ ሰው ዓይን ላይ። ሦስት ረድፍ ከሆነ ኤፍ 8፣ ፎከሱ መሃለኛው ረድፍ ላይ። ካሜራሽ ክሮፕ ሴንሰር ማለትም ከፉል ፍሬም ያነሰ ሴንሰር ያለው ቢሆን ኖሮ፣ ያንኑ ፍሬም እስከያዝሽ ድረስ፣ አንድ ደረጃ መክፈት ትችዪ ነበር፤ ኤፍ 5.6 ያልኩት ኤፍ 4 ይሆናል።

ሁለት ረድፍ ሲሆን ፎከሱ በሁለቱ መካከል ቢሆን አይሻልም ወይ ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። በስሌት ይሻላል። ችግሩ መካከል ላይ የሚያዝ ፊት የለም። አየር ላይ ፎከስ ማድረግ አይቻልም። የአንዱን ትከሻ ወይም የወንበር ጀርባ ይዤ ልሞክር ብትዪ ተሳስተሽ ወደ ኋላ ያለው ግድግዳ ላይ ልታርፊ ትችያለሽ። ከፊት ያሉት ፊቶች በፎቶው ላይ ተለቅ ብለው ስለሚታዩ ትንሽ ሲደበዝዙ እንኳ ቶሎ ያስታውቃሉ። ጥልቀቱም ከፊት ይልቅ ወደ ኋላ ሰፋ ይላል። ስለዚህ ፊተኛውን ያዢ፣ ቀሪውን ለአፐርቸሩ ተዪው።

"ጥልቀቱ አንድ ሦስተኛው ወደ ፊት፣ ሁለት ሦስተኛው ወደ ኋላ ነው" የሚል ሕግም ትሰሚያለሽ። ሕግ አይደለም። ለአንድ የተወሰነ ርቀት ብቻ እውነት ነው። ባንቺ ሌንስና በ3.5 ሜትር፣ ኤፍ 8 ላይ እውነት ሊሆን ይቀርባል። ኤፍ 1.8 ላይ ግን ግማሽ በግማሽ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ሕግ ተማምኖ የሚያነሳ ሰው ጥልቀቱ ጠባብ በሆነበት ሰዓት ነው የሚወድቀው። ይኸውም በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት።

አውቶፎከሱን ወደ አንድ ነጥብ ቀይሪው። ለቆመ ሰው አንዴ አርፎ የሚቆለፈውን ሞድ ተጠቀሚ፤ ካኖን ዋን ሾት ይለዋል፣ ኒኮንና ሶኒ ኤኤፍ-ኤስ ይሉታል። ነጥቧን ራስሽ አንቀሳቅሰሽ የመረጥሽው ሰው ዓይን ላይ አድርጊ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን በመሃለኛዋ ነጥብ ጥግ ያለ ሰው ላይ ቆልፎ፣ ከዚያ ካሜራውን ዞር አድርጎ ማንሳት ነው። ይህ ስህተት ያመጣል። ሰውዬው ከመሃል 1 ሜትር ወደ ጎን ቢቆም ከካሜራው ያለው ርቀት 3.5 ሳይሆን 3.64 ሜትር ነው። ካሜራውን ስትመልሽው ፎከሱ ከረድፉ በስተጀርባ 14 ሳንቲሜትር ላይ ይቀራል። ኤፍ 1.8 ላይ ከነበሩሽ የፊት 25 ሳንቲሜትሮች ውስጥ 14ቱ በከንቱ ሄዱ ማለት ነው። ኤፍ 5.6 ላይ ብዙም አይጎዳሽም፣ ልማዱ ግን ጥሩ አይደለም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ የተሳሳተ ምክር አለ። "ሁሉም ከካሜራው እኩል እንዲርቁ ረድፉን እንደ ግማሽ ጨረቃ አጉብጪው" ይባላል። ቅድም ያልኩሽን መስታወት አስታውሺ። መስታወቱ ጠፍጣፋ ነው። አብዛኛው ሌንስ የሚያጠራው በጠፍጣፋ ገጽ ላይ እንጂ በክብ ላይ አይደለም። ረድፉን ስታጎብጪው ጫፍ ላይ ያሉት ከገጹ ወደ ፊት ይወጣሉ። ባንቺ ፎቶ ልክ ቢሆን 18 ሳንቲሜትር ያህል። የሚያጠሩበት ገጽ ራሱ የጎበጠ ሌንሶች አሉ፣ እነሱ ግን ጥቂት ናቸው። ረድፉን ቀጥ አድርጊው፣ አንቺም ከመሃል ፊት ለፊት ቁሚ። ወደ ጎን ሸሽተሽ ከቆምሽ አንዱ ጫፍ ይቀርባል ሌላው ይርቃል፣ ፎቶው በግራ ጠርቶ በቀኝ ይደበዝዛል።

እኔ ይህን የተማርኩት በሚያሳዝን መንገድ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አንድ ትልቅ ቤተሰብ ለአያታቸው ልደት ተሰብስቦ ፎቶ እንዳነሳ ተጠራሁ። አያትየው በአንድ ጫፍ፣ ከረድፉ ትንሽ ወደ ፊት ወጣ ብለው፣ ምቾት ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔ መሃል ያሉት ላይ ፎከስ አድርጌ በኤፍ 2.8 አነሳሁ። ሃያ ምናምን ሰው ጠርቶ ወጣ። የደበዘዙት ብቸኛ ሰው እሳቸው ነበሩ። ያ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው ለእሳቸው ነው። ሰውን መልሶ መሰብሰብ አልተቻለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁልፉን ከመጫኔ በፊት ከረድፉ ወጣ ያለ ሰው መኖሩን በዓይኔ እቆጥራለሁ። ካለም ወንበሩን አንስቼ አስተካክላለሁ፤ ሰውየውን ከመረበሽ ፎቶውን ማበላሸት ይሻላል የሚባል ነገር የለም። ሰው ትንሽ ቢረበሽ ይረሳዋል።

ሰዎቹን ማስተካከል ከአፐርቸሩ ይልቅ ብዙ ይሠራል፣ ስለዚህ ላስረዝምልሽ። ጥልቀት ከማስፋት በፊት የሚያስፈልግሽን ጥልቀት ቀንሺ። የቆሙትን ወደ ወንበሮቹ አስጠጊያቸው። ሆዳቸው የወንበሩን ጀርባ እስኪነካ ይቅረቡ፣ ከዚያ ከወገባቸው ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ። የተቀመጡት ደግሞ ወንበሩን ተደግፈው ይቀመጡ፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ሰው ፊቱን ወደ ካሜራው ያመጣዋል። በዚህ ብቻ የ80 ሳንቲሜትሩን ክፍተት ወደ 50 ማውረድ ትችያለሽ። 50 ከሆነ ኤፍ 4 ይበቃሻል። አንድ ሙሉ የአፐርቸር ደረጃ በነጻ አገኘሽ፣ አይኤስኦውም በግማሽ ወረደ። እግራቸውን ሳይሆን ፊታቸውን ለኪ። ጎን ሄደሽ ብታዪ ወዲያው ይታይሻል።

ሌላው ከፍ ብሎ ማንሳት ነው። ካሜራውን ከፍ አድርገሽ ወደ ታች ስታዘነብዪ ያ መስታወት አብሮ ይዘነበላል። የላይኛው ጫፉ ካንቺ ይርቃል፣ የታችኛው ይቀርባል። የተቀመጡትና የቆሙት ፊቶችም ልክ እንደዚያ ነው የተደረደሩት፤ የታችኛው ቅርብ፣ የላይኛው ሩቅ። መስታወቱ ወደ ፊቶቹ ይጠጋል ማለት ነው። በሁለቱ ረድፎች መካከል 70 ሳንቲሜትር ቢኖርና ካሜራውን 15 ዲግሪ ያህል ብታዘነብዪው የሚያስፈልግሽ ጥልቀት ወደ 56 ይወርዳል። ለዚህ ከፊቶቹ በላይ 1 ሜትር ገደማ ከፍ ማለት አለብሽ። ደረጃ ላይ መቆም ወይም አጭር መሰላል ይበቃል። መሰላሉን የሚይዝልሽ ሰው ይኑር። ሰውም ቀና ብሎ ሲያይሽ አገጩ ያምራል፣ ይህ ተጨማሪ ጥቅም ነው።

ወደ ኋላ መራቅስ? ቦታ ካለሽ ይረዳል፣ ጥልቀቱ በፍጥነት ይሰፋል። ነገር ግን ርቀሽ ከዚያ በረጅም ሌንስ ብታቀርቢው ትርፉ ይጠፋል። ሰዎቹ በፍሬሙ ውስጥ እኩል ከሞሉ፣ በኤፍ 5.6 በ50 ከ3 ሜትር ብታነሺም በ85 ከ5 ሜትር ብታነሺም ጥልቀቱ ሊለይ እስከማይችል ይቀራረባል። ርቀሽ አንሺና ትርፉን ኮምፒውተር ላይ ቁረጪው የሚሉም አሉ። ትንሽ ይሠራል፣ ሜጋፒክስል ግን ይበላል። በተቃራኒው ቦታ ጠበበኝ ብለሽ ሰፊ ሌንስ ብታመጪ፣ ከ35 ሚሊሜትር አትውረጂ። በ24 ሚሊሜትር፣ ጫፍ ላይ የቆሙ ሰዎች ፊትና ትከሻ ወደ ጎን ይለጠጣል፤ በዚያ ፎቶ የሚደሰት ሰው አላየሁም።

ሸተሩን በተመለከተ፦ ለቆሙ አዋቂዎች ከ1/125 አትውረጂ፣ ልጆች ካሉ 1/250። የሌንስሽ ወይም የካሜራሽ ማረጋጊያ የእጅሽን መንቀጥቀጥ እንጂ የሰዎቹን መንቀሳቀስ አያቆምም። ትራይፖድም እንደዚያው ነው። ካሜራውን አፐርቸር የምትመርጪበት ሞድ ላይ አድርጊው፤ ካኖን ላይ ኤቪ፣ ከሌሎቹ በአብዛኞቹ ላይ ኤ ይባላል። አይኤስኦውን አውቶ አድርገሽ ዝቅተኛውን ሸተር 1/125፣ ከፍተኛውን አይኤስኦ 6400 ላይ ወስኚ። ከዚያ በኋላ የምታስቢው ስለ ሰዎቹ ብቻ ይሆናል። ከፍ ያለ አይኤስኦ የሚያመጣው አሸዋ መሰል ነጠብጣብ በሶፍትዌር በደንብ ይቀንሳል። ከፎከስ የወጣ ፊት ግን አይመለስም። ፊት እናጠራለን የሚሉ መተግበሪያዎች የጎደለውን ከራሳቸው ፈጥረው ነው የሚሞሉት። የማያውቁት ሰው ፊት ላይ ጥሩ ይመስላል። የእናትሽ ፊት ላይ ግን ወዲያው ታውቂዋለሽ፤ ዓይኗ የሷ አይሆንም።

ፍላሽ ካለሽ ነገሩ ሁሉ ይቀላል። ጣሪያው ነጭ ከሆነ ወደ ጣሪያው አዙሪው። በኤፍ 5.6 በአይኤስኦ 800 ልታነሺ ትችያለሽ። በቀጥታ ወደ ሰዎቹ ብታበሪው ግን ከ3.5 ሜትር ወደ 4.3 ሜትር ሲደርስ ብርሃኑ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። የኋላው ረድፍ ጠርቶም ቢሆን ጨለም ይላል።

በሌንስሽ ላይ ጥርጣሬው ካልለቀቀሽ ቀላል መፈተኛ አለ። መጀመሪያ ያንን የደበዘዘ ፎቶ እንደገና አጉልተሽ እዪው። አንድ የጠራ ነገር አለ? ካለ ካሜራው ሠርቷል፣ ጉዳዩ የጥልቀት ነው። በፎቶው ውስጥ ምንም የጠራ ነገር ከሌለ፣ ጠርዞቹም ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተቱ ከመሰሉ፣ ሸተሩ ዘግይቶ እጅሽ ተንቀጥቅጧል። አንድ ጎን ብቻ ከደበዘዘ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ለጥፊ፣ ካሜራውን በትራይፖድ ፊት ለፊቱ በትክክል አቁሚ፣ በኤፍ 1.8 አንሺው። አንዱ ጎን ፊደሎቹ ከሌላው ጎን በጣም ከደበዘዙ ያኔ ሌንሱ ተዛብቷል፣ ጠጋኝ ዘንድ ይሂድ። ባንቺ ገለጻ ግን ፊት ጠርቶ ኋላ ነው የደበዘዘው። ይህ የተበላሸ ሌንስ ምልክት አይደለም።

በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ፎቶ አንስተሽ አታቁሚ። ስምንት ሰው ሲሆን ሁልጊዜ አንድ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል። ስምንት አሥር ፎቶ አንሺ፣ በየሁለት በየሦስቱም ፎከሱን አዲስ ያዢ። በእጅሽ ይዘሽ ስታነሺ ሳታውቂው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትወዛወዣለሽ። ከዚያ ሰው ሳይበተን፣ ገና "አንድ ደቂቃ ቆዩልኝ" ባልሽበት ሰዓት፣ የመጨረሻውን ፎቶ በስክሪኑ እስከ መጨረሻ አጉልተሽ ከኋላ ረድፍ ሁለቱን ጫፎችና መሃለኛውን ሰው ዓይናቸው ላይ እዪ። የዓይን ሽፋሽፍት ከተለየሽ ልቀቂያቸው። ካልተለየሽ ኤፍ 8 አድርጊና እንደገና አንሺ።